ድምፁ የሴቶቹ፣ ውኃው የገበያው

ጥቅምት 9

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ቢሮ ከፈትኩ፣ ጠረግኩ፣ ተቀመጥኩ። ሁለት የመታወቂያ እድሳት። አንድ የድንበር ጠብ... ለሽማግሌ መለስኩት። ገብሱ እየደረሰ ነው። የሰው ሁሉ ዓይን ሰማይ ላይ ነው፣ በረዶ እንዳይጥል።

ከሰዓት በኋላ ማሬ መጣች፣ ከገደል ሥር ጎጥ። የልጇን ልደት ለማስመዝገብ። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ወንዝ ወርጄ ነበር። ውኃውን ቤት አድርሼ በዚያው መጣሁ። መቼ እንድመጣ ፈልገሽ ነበር?"

ስሟን ስጽፍ ነገሩ ከነከነኝ። ምንጩ ከላይ ነው፣ ተራራው ወገብ ላይ። ገደል ሥር ያሉት ደግሞ ቁልቁል ወንዝ ይወርዳሉ። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቱቦ ቢኖር ውኃው በራሱ ጊዜ ቁልቁል ይመጣ ነበር እኮ...

የልማቱ ገንዘብ ግን ዓምና ለአዳራሹ አጥር ዋለ። ካቻምና ለአዳራሹ ጣሪያ። ከዚያ በፊት ለአዳራሹ ወለል። አባወራው ይሰበሰባል፣ እጁን ያወጣል። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። የጎሽ ውኃ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስምንት ዓመት ጻፍኩ። ስሙ ጎሽ ውኃ የሆነ ቀበሌ፣ አንድ ቀን እንኳ ለውኃ ሲወስን ጽፌ አላውቅም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። የፕሮጀክቱ ሰዎች መጡ፣ ገንዘብ የሚጨምሩልን። አዲስ ደንብ አመጡ። ዘንድሮ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው አባወራ ብቻ አይደለም። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ። ባል ያላት ሴት፣ መሬት የሌለው ጎረምሳ፣ ሁሉም። ያውም በምስጢር።

ለምርጫ ለምርጫማ ሴቱም ይመርጣል። የቀበሌው ገንዘብ ላይ ግን ያገባች ሴት በባሏ ውስጥ ነው የምትቆጠር፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የኖርነው።

ጋሼ ይሁኔ እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። እስከ መጨረሻው ሰሙና "ይሁን፣ ዘመኑ ነው" አሉ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደጉኝ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይተው ያስተማሩኝ እሳቸው። አሁን ሊቀ መንበሩ እሳቸው፣ ሥራ አስኪያጇ እኔ። ሰው "የአንድ ቤት መንግሥት" ይለናል። ይበል። በሳቸው አላፍርም።

ኅዳር 29

በባለወልድ ሰው ሥራ ስለማይዝ አዳራሹ ሞላ። አባወራዎቹ ደንቡን ይቀበሉ እንደሆነ ሊነጋገሩ።

መሪጌታ ዘካርያስ ተነሡ። የሽማግሌዎቹ ተወካይ እሳቸው ናቸው። ድጓውን፣ ቅኔውን የጨረሱ ሰው፤ ሲናገሩ ሳል እንኳ ይቆማል።

"ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ተብሏል። አንድ ሥጋ ሁለት ድምፅ ከየት ያመጣል?"

ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ ከኋላ እትዬ ታደለች ተነሡ። ባል የላቸውም፣ ቤቱን የሚመሩት ራሳቸው ስለሆኑ ከአባወራ ጋር የሚቀመጡ።

"መሪጌታ፣ እኔ ድምፅ ያገኘሁት ባሌን ቀብሬ ነው። እነዚህ ሴቶች እንዲያገኙ ስንት ወንድ እንቅበር?"

ሳቁ ቀጥ አለ።

ከዚያ ጋሼ። ተነሡ። እጃቸውን ዱላቸው ላይ አድርገው...

"እኅቴን ታውቋታላችሁ። የእድላዊትን እናት። ከወንዝ ስትወጣ እንስራው እንደ ታዘለ ገደል ገባች። ያን ዓመት እኛ ወንዶቹ ተሰብስበን ምን ወሰንን? ያኔም አጥር። እሷ ድምፅ ቢኖራት አጥር ትል ነበር?"

ስለ እናቴ በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ቤት እንኳ አያነሷትም። ብዕሬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ጸሐፊዋ ታለቅሳለች፣ ማን ይጻፍ?

ደንቡ አለፈ። መሪጌታ ራሳቸው እጃቸውን አወጡ፣ ግማሽ።

ታኅሣሥ 8

ምዝገባ። ቤት ለቤት። እግሬ አብጧል።

ክንዱ፣ የማሬ ባል፦ "እሷን ምን ያስመዘግባታል? እኔ አለሁ አይደል!" ማሬ ከጓዳ፦ "አንተ ስላለህማ ነው የምመዘገበው።"

ታኅሣሥ 15

አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

"ባሌ ያላለውን ብመርጥ ያውቅብኛል?"

"አያውቅም።"

"እግዜርስ?"

"እግዜርማ ያውቃል።"

"እሱ ይወቅ። እሱ አይማታም።"

ታኅሣሥ 26

መዝገቡ አለቀ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት አባወራ ብቻ የነበረበት፣ አሁን አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው። ጋሼ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደግመው ጠየቁኝ። ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ አለኝ፣ እሳቸው ደስ ስላላቸው።

ጥር 29

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሦስት እንስራ። አፋቸው በጨርቅ ታስሮ አንድ አንድ ቀዳዳ። በአንዱ ላይ የቦኖ ሥዕል፣ በአንዱ የአዳራሽ፣ በአንዱ የመንገድ። እንስራዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላ ይቀበላል፣ ይገባል፣ ይጥላል፣ ይወጣል። ሲወጣ ጣቱ ጥላሸት ይነካል፣ እንዳይደግም።

ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ መጡ፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ሰልፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ደረሰ። ማሬ ገብታ ቆየች... ቆየች... ክንዱ ከውጭ "አንዲት ባቄላ ነች፣ ልትቀቅያት ነው?" አለ። ወጣች። ፊቷ ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም። ሰርግ ላይም እንዲያ ሆና አላየኋትም።

ውኃ ሰባት መቶ ሠላሳ አራት። አዳራሽ ሁለት መቶ አንድ። መንገድ መቶ ሃያ።

እልልታው! ወንዶቹ ተያዩ። "የኔይቱ የት ጣለች ይሆን?" የሚል ፊት ሁሉም ላይ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔም እልል ስል ራሴን አገኘሁት። የመንግሥት ሠራተኛ።

ውሳኔው ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ከምንጩ ተነሥቶ ወደ ገደል ሥር። ሴቶቹ ቦዩን በጉልበታቸው ሊቆፍሩ፣ ገንዘቡ ለቱቦና ለቦኖ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሼ መዝገቡን ይዘው መጡ። የፕሮጀክቱ መኪና ሊሄድ ነው፣ ሾፌሩ ይጣደፋል። ርእሱ ብቻ ተጽፏል፦ "የውኃ መስመር አፈጻጸም።" ከሥሩ ባዶ።

"ፈርሚ፣ እኔ ረጋ ብዬ በጥሩ ጽሕፈት አስገለብጠዋለሁ። አንቺ ዛሬ ደክሞሻል።"

ደክሞኝ ነበር። ፈረምኩ። መሪጌታም ከጎኔ ፈረሙ። እንዴት ያለ ቀን ነው... ተመስገን።

መጋቢት 6

ቁፋሮ ተጀመረ። ጾም ነው፣ ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም፣ ግን ማን ቀረ? ማንም። መቶ ሃያ ሴት በአንድ ቀን። ዶማ የሌላት በመቆፈሪያ፣ መቆፈሪያ የሌላት አፈር በቁና ትወስዳለች። እትዬ ታደለች አናት ላይ ቆመው ያዛሉ፦ "ጠለቅ! ጠለቅ! ለመቃብር እንኳ ከዚህ ጠለቅ ይላል!"

መጋቢት 18

አለቀ። ከምንጩ እስከ ወይራው ዛፍ፣ ከወይራው እስከ ገደል ሥር። ዐሥራ አንድ ቀን። ማሬ የአውራ ጣቷ ጥፍር ወልቋል። በጨርቅ ጠቅልላ "ውኃው ሲመጣ በሱ አጥበዋለሁ" አለችኝ።

ጋሼ መጥተው አዩ። በቦዩ ጠርዝ ሄዱ፣ ወይራው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ለረጅም ጊዜ። "ጎበዞች" አሉ። ብቻ።

ሚያዝያ 21

ቱቦው መጣ። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት።

ከምንጩ ጀምረው ዘረጉ። በሴቶቹ ቦይ። እስከ ወይራው ድረስ በሴቶቹ ቦይ። ከዚያ ሠራተኞቹ ወይራው ጋ ታጠፉ።

"ኧረ ወዲህ ነው!" አልኩ። ተሳስተው መስሎኝ። ሳቅኩም ጭምር። የቡድኑ አለቃ ወረቀት አወጣ። ወደ ገበያው ነው የሚል። ወረቀቱን ተቀበልኩና አነበብኩ። "ሴቶች ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት መስመሩ ከወይራው ወደ ገበያው እንዲታጠፍ፣ የቁፋሮው ጉልበት በሴቶቹ እንዲሸፈን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ከሥሩ የመሪጌታ ፊርማ። ከጎኑ የእኔ።

የእኔ ፊርማ ነው። አልተቀዳ፣ አልተሰረቀ። እኔው።

ሚያዝያ 22

ትናንት ከሰዓት ቤት ጠብቄው ነበር። አንቱ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም ዛሬ። እጄ እንቢ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"መጀመሪያ ቁጭ በይ።"

"ሴቶቹ ድምፅ የሰጡት ለገደል ሥር ነው።"

"ለውኃ ነው የሰጡት። ውኃ መጣ።"

"ገበያው ጋ!"

"ገበያው ውኃ ካገኘ ከተማ ይሆናል። ከተማ ከሆነ መብራት ይመጣል። ጠጠር መንገድ ይመጣል። ገደል ሥር ሰባ ቤት ነው፣ ሰባ ቤት ማንን ያመጣል? ትንሽ አርቀሽ እይ እንጂ።"

አርቄ አየሁ። ገበያው ጋ ልጁ መሐሪ ባለ ዐሥር ክፍል አልጋ ቤት እየሠራ ነው። የመጀመሪያው ቦኖ በሩ ላይ ነው የሚተከለው። ይህንን አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ሁለታችንም እናውቃለን።

"ያን ቀን ስለ ሴቶቹ የተናገሩት... እናቴን አንሥተው..."

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ከዚያ በእርጋታ፣ ሒሳብ እንደሚያስተምር፦

"ፕሮጀክቱ የሚጨምረው በድምፅ ሰጪ ቁጥር ነው። በሦስት መቶ አባወራ ምን ይገኝ ነበር? ቁጥሩ ያስፈልገን ነበር።"

"ቁጥሩ?"

"አዎ። ቁጥሩ።"

እናቴን ለቁጥር ነው ያነሣት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በቤቱ ስሟን ያልጠራ ሰው፣ የጠራት ዕለት... ለቁጥር።

ግንቦት 3

ሴቶቹ ቢሮ መጡ። ሠላሳ ይሆናሉ። ማሬ ከፊት።

"ፈርመሻል?"

"ባዶ ነበር..."

"ፈርመሻል ወይስ አልፈረምሽም?"

"ፈርሜያለሁ።"

"እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? ማልቀስስ ለኛ ነበር።"

ምራቋን መሬት ላይ ተፋች፣ ዞራ ሄደች። ሌሎቹም። አንዷ ብቻ ቆማ "ያጎትሽ ልጅ ነሽ፣ ምን እንጠብቅ" አለች፣ በሐዘን እንጂ በቁጣ አልነበረም። እሱ ይበልጥ አመመኝ።

ግንቦት 11

ማሬን መንገድ ላይ አገኘኋት። ሰላም አልኳት። በአጠገቤ አለፈች፣ በዛፍ አጠገብ እንደሚታለፍ።

እጇን ብቻ አየሁ፤ በቁፋሮው የወለቀው ጥፍሯ ገና አልበቀለም።

ግንቦት 27

ሴቶቹ አቤት ብለው ነበር። ዛሬ ከወረዳው ሁለት አጣሪዎች መጡ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ተስፋ ነበረኝ። ማፈሬን አልደብቅም፣ ተስፋ ነበረኝ። ይሁኔ ሌላው ቢቀር እኔን አይነካም ብዬ። ያሳደገኝ ሰው።

ተጠየቀ። ተነሣ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

"ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው እሷ ናት። ስምንት ዓመት የጻፈችው እሷ ናት። እኔ የቀረበልኝን አጽድቄያለሁ። ልጄ ናት፣ ስሕተት ብትሠራም ልጄ ናት፤ ይቅርታ ይደረግላት።"

ይቅርታ ይደረግላት።

አዳራሹ ውስጥ "ምስኪን፣ ለልጁ ሲል" የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እኔ ምን አልኩ? ምንም።  አንድ ሰው በጥላቻ ሲያጠቁርህ መመለስ ይቻላል። እየማለደልህ ሲያጠቁርህ ምን ይባላል?

ሰኔ 1

ከሥራ ታግጃለሁ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው።

ሰኔ 4

ከጋሼ ቤት ወጣሁ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ግን አላስቀረችኝም። እሱ ማሳ ነው ተባለ። በዝናብ? በዝናብ።

እትዬ ታደለች ጎረቤታቸው እንዳይሰማ ቀስ ብለው "ጓዳዬ ባዶ ነው" አሉኝ። ገደል ሥር፣ ከሁሉም ሴቶች መሐል። ሌላ የት እሄዳለሁ?

"ሴቶቹ ይጠሉኛል እኮ።"

"ይጠሉሻል። ሲጠሉሽ አጠገባቸው ብትሆኚ ይሻላል። ሩቅ ሆነሽ ስትጠዪ ነገር ይወልዳል።"

ሰኔ 20

ውኃ እቀዳለሁ። እንደ ሁሉም። ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ያዳልጣል። እንስራ ሳይሆን ጀሪካን ነው፣ ግን ቦታው ያው ነው። እናቴ የወደቀችበትን አሳዩኝ። ምንም ምልክት የለውም። ሣር።

ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የወረድኩ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ስምንት ዓመት ቢሮ ተቀምጬ "ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል" እያልኩ አወራ ነበር። ከጭነት ጋር ሦስት ነው።

ሐምሌ 7

ሥላሴ። ዛሬ የሆነውን እንዳልረሳ እጽፋለሁ።

ቅዳሴ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል መሪጌታ ዘካርያስ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ቆሙ። ዝናቡ ያካፋል። ይሁኔም ነበር፣ ሴቶቹም ነበሩ፣ እኔ ከቅጽሩ ጥግ።

"አንድ ነገር አለብኝ" አሉ። "ያ ገጽ ሲፈረም ባዶ ነበር። እኔም ባዶ ላይ ነው የፈረምኩ። ያቺ ልጅ አልጻፈችውም።"

ይሁኔ፦ "መሪጌታ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ቦታ ነው፣ የቀበሌ ነገር..."

"ስለ ቦታውማ ነው የምናገረው። እዚህ መዋሸት አልችል።" ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ሴት ድምፅ አትስጥ ያልኩ እኔ ነኝ። አልካድኩም። የሰጠችውን ድምፅ ስረቁ ግን አላልኩም። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ፊርማዬን አፍሬበት ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች 'መሪጌታ ሳያነቡ ይፈርማሉ' እንዳይሉኝ። ይበሉኝ።"

 ይሁኔ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። ማንም አልተከተለውም። እኔ መሪጌታን አመስግኜ እግራቸውን ልስም ስል ያዙኝ፦ "አንቺም ሳታነቢ ፈርመሻል። ተነሽ።"

ልክ ናቸው።

ነሐሴ 24

አጣሪዎቹ ተመልሰው መጥተው ነበር። ይሁኔ ከሊቀ መንበርነቱ ወረደ፣ "በጤና ምክንያት"። እኔም ወደ ሥራዬ አልተመለስኩም፤ ባዶ ገጽ መፈረም ጥፋት ነው ተባልኩ። አልተከራከርኩም። ቱቦው ገበያው ጋ እንዳለ ነው። የተቀበረ ይቆያል።

ከወይራው እስከ ገደል ሥር ባዶ የቀረው የሴቶቹ ቦይ በክረምቱ ጎርፍ ግማሹ ተደፍኗል።

መስከረም 14

ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። ራሱ የለም።

"ያሳደገሽ ነው።"

"አዎ።"

"ያስተማረሽ ነው።"

"አዎ።"

"እንግዲያ?"

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። ብር አልፈለግኩም፣ እግሬ ላይ ይውደቅ አላልኩም። ያን አዳራሽ ውስጥ የተናገረውን፣ እናቴን ለምን እንዳነሣ፣ እዚያው አዳራሽ ሴቶቹ ፊት ይናገር።

ተያዩ። አንደኛው ተነፈሰ፦ "ልጄ፣ እሱን አያደርግም።"

"ታዲያ ለምን መጣችሁ?"

ጠላውን ጠጥተው ሄዱ። ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ። ይመጣል ብዬ ነበር መሰለኝ... እስከ ዛሬ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ደንቡ ዘንድሮም እንዳለ ነው፣ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል። ሴቶቹ ግን "ድምፃችንን አይተነዋል" ይላሉ። "ባቄላውን ቆልተን ብንበላው ይሻል ነበር።"

እትዬ ታደለች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። አብሬ ልዙር አልኩ። "አንቺ ቅሪ" አሉኝ፣ ጨክነው። "አንቺን ሲያዩ ያን ወረቀት ያያሉ።"

ቀረሁ። ሽሮ ሠርቼ ጠበቅኳቸው።

ጥር 29

ስብሰባ። ጥግ ላይ ቆምኩ፣ ወንበር የለኝም አሁን። መዝገቡን የሚይዘው አዲስ ልጅ ነው፣ አስማረ የሚባል፤ ቃል ሁሉ አስደግሞ ይጽፋል።

ሴቶቹ መጡ። ዘግይተው፣ ሳይዘፍኑ፣ ሳይስቁ። ዓምና ለሰርግ እንደሚመጣ ነበር፣ ዘንድሮ ለክስ እንደሚመጣ።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማሬ ተነሣች። ማሬ! በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

"ዓምና ምን እንደምንፈልግ ጠየቃችሁን፣ ተናገርን። ማን ገዝቶ ማን እንደሚያስቀምጥ፣ ማን ወዴት እንደሚዘረጋ አልጠየቃችሁንም። ዘንድሮ መጀመሪያ እሱን። ዕቃውን ከሚረከቡት አምስት ሰዎች ሦስቱ ሴት ይሁኑ። ውሳኔው ማንም ሳይፈርም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ካልሆነ ባቄላችሁን ያዙ።"

አንድ ሽማግሌ "በዚህማ ስብሰባው ሊመሽበት ነው" አለ።

"ይምሽ" አለች።

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ባሏ ክንዱ ነበር። አለፈ።

ውኃ እንደገና አሸነፈ። ገንዘቡ ግን ያነሰ ነው፤ እስከ ጎጡ መሐል አይደርስም፣ ገደሉ ግርጌ ላይ ያልቃል። ዝርዝሩ እስኪነበብ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ሰው ተሰላቸ፣ ልጆች አለቀሱ፣ ማንም አልወጣም። ፈራሚ አልነበርኩም። ከሰው መሐል ቆሜ አዳመጥኩ፣ እያንዳንዱን ቃል።

ይሁኔ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ነበር። ሸብቷል። ሊናገር እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው "ተራዎ ሲደርስ" አለው። ዓይኑ ከዓይኔ ተገናኘ። እኔ አልሸሸሁም። እሱ ነው ያቀረቀረ።

አዘንኩለት? አዎ። ይቅር አልኩት? እንጃ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

መጋቢት 12

ቦዩን እንደገና ቆፈርን። ቆፈርን ብዬ ስጽፍ ደስ ይላል። እኔ አፈር በቁና ወሰድኩ። ከጎኔ ያለችው ሴት ስሜን አልጠራችም፣ ግን ውኃ ስትጠጣ ጣሳውን አሳለፈችልኝ።

ሚያዝያ 30

ቦኖው ትናንት ተከፈተ። ገደሉ ግርጌ፣ ከቤታችን የአንድ ሩብ ሰዓት መንገድ። ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ያንጠባጥባል።

ዛሬ ጠዋት ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጭቅጭቁም የዚያኑ ያህል። ከሰልፉ ፊት አንዲት አሮጊት ቆመው ስለነበር ባዶ ጀሪካናቸውን ተቀብዬ ልቀዳላቸው ጠጋ አልኩ። ማሬ ቦኖው ላይ ተራ አስከባሪ ናት፣ በትር ይዛለች። አየችኝ። ልጇ አሁን ይራመዳል፣ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል።

"አንቺ! የት ነው የምትገቢው? ተራሽን ጠብቂ!"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዓምና ግንቦት ወዲህ ማሬ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"እሺ" አልኩ። ወደ ኋላ ተመልሼ ከሰልፉ ጫፍ ቆምኩ። ከፊቴ ዐሥራ ዘጠኝ ሴት። ተራዬን ጠበቅኩ።